የእህቴ ደም በሁለት ቱቦ

ታናሽ እህቴን ለስድስት ወር ውሸታም ስላት ከርሜያለሁ፤ ለእናታችን፣ ለሐኪሟ፣ ለራሷም ፊት ለፊት። ልብስ ሰፊ ናት። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሲያብጥ በየሁለት ሳምንቱ ራሷን የምትወጋው መድኃኒት ታዘዘላት፤ በፋብሪካ የተሠራ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት ባዕድ ነገር የሚይዝበት ዓይነት ፕሮቲን። አንድ ቀን እንኳን አልተሻላትም። «እየወጋሁ ነው» ትላለች። መርፌ ስትፈራ ያደገች ስለሆነች፣ «አንዱንም አልተወጋሽ፤ እየጣልሽው ነው» አልኳት። ሐኪሙም አመነኝ፤ የላቦራቶሪ ሰው ነኛ! ሌላ መድኃኒት እንዲቀይርላት ብትለምነው «መጀመሪያ ይኼን በሥርዓት ውሰጂ» ብሎ መለሳት።

ላቦራቶሪያችን የሚያጠናው ይህንኑ መድኃኒት ነው፤ የመከላከያ ሕዋሳት እንዴት እንደሚውጡት። ደም እንድትሰጠን ጠራኋት። ለጥናቱ ብዬ አይደለም፤ ላጋልጣት ነው። መወጋት አለመወጋቷ ከደሟ ይታወቃል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች እናታችን።

«ይጠራላ!» አልኩ።

እህቴ ክንዷን ዘረጋች። «ቅጂ። ደሜን መምጠጥ እንደሆነ ለምደሽዋል።»

ከደሟ ያሳደግኳቸውን ሕዋሳት ለሁለት ቱቦ ከፈልኩ። በሁለቱም ላይ መድኃኒቱን ጨመርኩ፤ ሲዋጥ ብቻ የሚያበራ ቀለም አጣብቄበታለሁ። በረዶ ላይ ያስቀመጥኩት ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ሕዋስ ሲበርደው ይይዛል እንጂ አይውጥም። ሙቀት ያገኘው ቦግ አለ። ሕዋሳቱ መድኃኒቱን ውጠው ከታተፉት፣ ቁርጥራጩንም ገላቸው ላይ አውጥተው ለጠባቂ ሕዋሳት አሳዩ። እስከዚህ የማንም ሕዋስ ያደርገዋል። የእሷ ጠባቂዎች ግን ገና ሲያዩት ግር ብለው ተነሱ፤ የቆየ ጠላት እንዳገኘ ሰው። በደሟም ውስጥ መድኃኒቱን ገና ሲገባ አንቆ የሚይዝ የራሷ አንቲቦዲ ሞልቶ አገኘሁ። ያልተወጋችውን መድኃኒት ደሟ ከየት ያውቀዋል?

ተሳሳትኩ ማለት ሞቴ ነው። ቱቦ ተለዋውጦብኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሁንም ደገምኩት።

በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ ስሄድ፣ የስፌት መኪናዋን የገዙ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ሲወጡ በሯ ላይ ተላለፍን።

«እውነትሽን ነበር» አልኳት። «አሁኑኑ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ ይቀይርልሻል።»

ጣቶቿ ስለማይታጠፉ ወረቀቱን በሁለት መዳፎቿ መሃል ይዛ አነበበችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከወር በፊት። እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ጊዜ ሠራሁት።»

«ደሜን ሦስት ጊዜ ጠየቅሽው» አለች። «እኔን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሽኝም።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በሩን በክርኗ ገፍታ ዘጋችብኝ።