መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ድንኳን

ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት የዕድሩን ድንኳን የሚተክለው ዘርኡ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች «ኢንጂነሩ» ይሉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብረቱን ተሸክሞ ያንን ዳገት ሲወጣ ደከመኝ ብሎ አያውቅም። «ደከምክልን» ሲሉት «ኧረ ምን ድካም አለው» ይላል። እውነቱን ነበር።

ባለፈው ጥር የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ሉልሰገድ በጉባኤው ፊት አስነሱትና ጋቢ አለበሱት። ከመዝገብም አነበቡለት፤ «ወንድማችን ዘርኡ እስከ ዛሬ መቶ ሠላሳ ሦስት ድንኳን ተክሏል።» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በጎ ያደረጉ መስሏቸው ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ዘርኡም ደስ ብሎት ነበር። ቤቱ ገብቶ ጋቢውን ሲያጥፍ ግን ቁጥሩ መጣበት። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ለአንድ ጋቢ? ወገቡን ያመመው በዚያው ሳምንት ነው።

ከዚያ ወዲያ ካስማ በመታ ቁጥር ማን እንዳየው በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። በራሱ አፈረ፤ መተው ግን አቃተው።

ሰኔ ላይ ጋሽ ተክላይ ሞቱ። ገመድ አወጣጠር ያስተማሩት፣ አባት የሆኑለት ሰው ናቸው። «ተክለህ ስትጨርስ ደጅ አትቁም፤ ግባና አልቅስ። ድንኳኑ ላንተም ነው» ይሉት ነበር።

ዘርኡ የዛሬውን ድንኳን እንኳ እንደ ድሮው ሳይቆጥር እንዲተክል ፈጣሪውን ለመነ። በዝናብ ብረቱን ተሸክሞ ወጣ። መቶ ሠላሳ ሰባት፣ አለ ልቡ ማንም ሳይጠይቀው። የመጨረሻውን ገመድ ሲያስር ጋሽ ተክላይ ትዝ አሉትና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይኼኔ አቶ ሉልሰገድ በበሩ ገቡ። ዘርኡ ሳያስበው ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። እንባው በዚያው ደረቀ።

የሟች ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሐል እጁን ያዙት።

«ደከምክልን፣ ልጄ።»

መልሱን ያውቀዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብሎታል። አፉን ከፈተ።

«አዎ፣ በጣም ደከምኩ» አለ።

«አስቸገርንህ፤ ይቅር በለን» ብለው እጁን ለቀቁት።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ተጀመረ። ዘርኡ ገመዱን እንደያዘ ደጅ ቆሞ ቀረ።