ቀለል ያለው ቃል

አዳማ ውስጥ ቃል በመመዘን የእንግሊዝኛ መምህርቷን ዘመናይን የሚያህል አልነበረም። ተማሪዎቿ ሲታመሙ እንኳ ይጨነቃሉ፤ "ሲክ" ነኝ ብሎ ፈቃድ የጠየቀ፣ ለምን "ኢል" እንዳላለ ሳያስረዳ ከክፍል አይወጣም። "ሁለት ቃል እኩል አይከብድም" ትላለች። ሰሌዳው ላይም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትደረድራቸዋለች፤ ከላይ "አንዌል"፣ ወረድ ሲል "ሲክ"፣ ከግርጌ ደግሞ "ፓስ አዌይ" እና "ዳይ"። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበረች። ጉድ ያደረጋትም ይኸው ጉብዝናዋ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ መርዳሳ ከደራ መጥተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ልጃቸው አያንቱ በሰው ቤት ልትሠራ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከመሄዷ በፊት እንግሊዝኛ ያስተማረቻት ዘመናይ ነበረች። ሰሞኑን የአያንቱ ስልክ አይነሳም፤ በምትኩ አንዲት ሴት ከዚያው አገር እየደወለች በእንግሊዝኛ ታወራቸዋለች።

"አንቺ ካላናገርሽልኝ ማን ያናግርልኛል?" አሉና ስልኩን ሰጧት።

ዘመናይ ደወለች። ሴትየዋ የአስቀጣሪው ቢሮ ሠራተኛ ነበረች፤ ነገር አላንዛዛችም። አዝናለሁ አለችና አያንቱ ሆስፒታል ውስጥ ማረፏን ነገረቻት። "ፓስ አዌይ" ነው ያለችው፣ ከሰሌዳው ግርጌ ለስለስ ያለውን። ልስላሴው ግን ምንም አልረዳም፤ ሴትየዋ ወደ ጥያቄዋ አለፈች። አስከሬኗ ወደ አገሯ ይላክ ወይስ እዚያው ይቀበር? መልሱን አባትየው በራሳቸው አንደበት፣ ዛሬውኑ መስጠት አለባቸው።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ መርዳሳ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ።

እኛ ዘንድ መርዶ በረፋድ፣ መንገድ ዳር፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። መጀመሪያ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በማለዳ በር ይንኳኳል፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው "ትንሽ አሞታል" እየተባለ ይቆያል። ይህን የማያውቅ ባለጌ ነው፤ ዘመናይ ደግሞ በደንብ ያደገች ልጅ ነበረች።

"ትንሽ አሟታል" አለች።

"ትንሽ ስትዪ?"

አሁንም ቀለል ያለ ቃል ፈለገች። "ደከም ብሏት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።"

የጋሽ መርዳሳ ፊት ፈታ አለ። ዘመናይ፣ ነገሩን ሳያውቁ መልሱን ብቻ ብቀበላቸውስ ብላ አሰበች፤ ብልሃት መሰላት። "ወደ አገሯ እንላካት ወይ ነው የሚሉት። ትምጣ ይበሉ፣ ጋሽ መርዳሳ።"

"ለድካም?" ሳቅ አሉ። "ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀራት። ኢንተላ ኮ እልኸኛ ናት፣ ልጄን አውቃታለሁ። ሳልጨርስ ጎትተህ መለስከኝ ብላ ታኮርፈኛለች። እዚያው ያሳክሟት።"

"ግድ የለም፣ ይስሙኝ። ትምጣ ይበሉ።"

"ድካም ነው አላልሽኝም እንዴ?"

እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። አፏንም ከፍታ ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች። ግን አልወጣላትም። ስልኩ አልተዘጋም፤ ሴትየዋ ደግሞ አባትየውን አቅርቢልኝ እያለች ነው። ዘመናይ "ቆይተው ይደውላሉ" ልትል ስትጀምር ጋሽ መርዳሳ ስልኩን ከእጇ ወሰዱት።

"ኖ" አሉ ጮክ ብለው፣ ባለቻቸው ጥቂት እንግሊዝኛ። "ኖ ካም። ሆስፒታል፣ ዜር። ታንክ ዩ።"

ዘግተው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘሁ በሶ እልክላታለሁ፣ በሶ ያበረታል አሏትና ወደ ገበያ ወረዱ።

ዘመናይ በቀጥታ እዚያው አዳማ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ወደ ቀነዓ ሮጠች። ቀነዓ አለቀሰ፤ አልቅሶም አመሰገናት። "እንኳን አልነገርሽው" አለ፣ "መንገድ ላይ ይቀርብን ነበር።" ስለ አስከሬኑ ስትነግረው ግን ደነገጠ። ሴትየዋ ጋ እየተቀባበሉ ቢደውሉ የሚያነሳ የለም። በማግስቱ ስልኩ ሲነሳ አያንቱ ጠዋት ተቀብራ ነበር፤ እንደ አባቷ ፈቃድ፣ አለች ሴትየዋ።

ሐሙስ ሳይነጋ ዘመድ አዝማድ ደራ ገባ። በደንቡ መሠረት ተንኳኳ፤ በደንቡ መሠረት ተነገረ። በሩ ጥግ በሶ የተቋጠረበት ፌስታል ተቀምጧል። ጋሽ መርዳሳ ሲወድቁ ብዙ ክንድ ደገፋቸው። ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱና ቀና አሉ።

"ከእናቷ ጎን አስቆፍሩላት። መቼ ነው የምትመጣው?"

ቀነዓ አቀረቀረ። "እዚያው ቀብረዋታል፣ ወንድም ጋሼ።"

"በማን ፈቃድ?"

ጋሽ መርዳሳ ከተቀመጠው ሰው መሃል ዘመናይን ፈልገው አገኟት።

"ያን ቀን ሴትየዋ ምን ነበር ያለችሽ፣ ልጄ?"

"ሞታለች ነው ያለችኝ" አለች ዘመናይ።

ጋሽ መርዳሳ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ኖ አልኩ" አሉ። "ታንክ ዩ ብዬ ዘጋሁት።"