አባት ሣር ይዞ ሲቆም

የተማሪዎቹ ኅብረት የተወለደው ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። ጥያቄያቸውም አንድ ብቻ፦ ተመርቀን ሥራ የምንቀጠረው በውጤታችን ይሁን፣ የፓርቲ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ አንባል። ከዚህ ያለፈ ተአምር አልጠየቁም።

ጸሐፊዋ ጥሩወርቅ ነበረች፤ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የመስቃኑ ሽማግሌ የአቶ ሀብተወልድ ልጅ። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዢ ተባለች። ሊቀመንበሩ ናጃህ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን እሱ ሲናገር ስልኩን የሚነካካ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ አራት መቶ ሆኑ። ወልቂጤ ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ ጉብሬም እንደዚያው። ሰው ሲበዛ ደግሞ ነገሩን ታውቁት የለ? ማኅተሙ ላይ እንሰት ይሁን መጽሐፍ ብለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እንሰት ሲባል፣ የወልቂጤዎቹ ቅጠሉ አነሰ ብለው ስብሰባ ረግጠው ወጡ። ጥሩወርቅ ያንን ሁሉ ስትጽፍ እጇ ዛለ። ያም ሆኖ በዕድሜዋ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሏት አያውቅም።

ግንቦት ላይ ሰልፍ ወጡ። ድንጋይ የወረወረ የለም፤ መፈክርና ጭብጨባ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን አምስት ልጆች ከዶርም ተለቅመው ታሰሩ። ናጃህ አመለጠና አረቅጥ፣ አክስቱ ቤት ገባ። እዚያ መሆኑን ከኅብረቱ የምታውቀው ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከ። የላከው ቢሮ ስም ይቅር፤ ቢሮ ቢሮ ነው። ልጁ ይምጣ፣ በሽማግሌ ፊት አጥፍቻለሁ ይበል፣ የታሰሩትም ይፈቱና ነገሩ በእርቅ ይለቅ ተባለ። ዋስ ማን ይሁን ሲባል አቶ ሀብተወልድ ሆኑ። እሳቸው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ድንበር የተጋፋውን፣ ሚስቱን ያባረረውን፣ ደም የተቃባውን ሳይቀር ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዋስ ከሆኑ ሌላ ምስክር የሚፈልግ አልነበረም።

ጥሩወርቅ የተከራየችው ክፍል ደጃፍ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ።

«ይግቡ እንጂ አባባ።»

«አልገባም። ዛሬ የመጣሁት ሽማግሌ ሆኜ ነው። ልጁ የት እንዳለ ንገሪን።»

አባት ለገዛ ልጁ ሣር ይዞ ሲቆም አይታ አታውቅም። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከቆመ እምቢ አይባልም፤ ይህንን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ግን ደግሞ የምታውቀው ነገር ነበር። እዚያው ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የምትጽፍ ፍሬሕይወት የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ በዋዜማው መጥታ «የመያዣው ወረቀት አልተነሣም። ለእርቁ ቀን መኪና ተመድቧል» ብላታለች።

«አባባ፣ ዋሽተውዎታል» ልትል አፏን ከፈተች። ከኋላ የቆሙትን ሁለቱን ሽማግሌዎች አየች። በእነሱ ፊት አባቷን ተሞኝተዋል ልትል? ያንን እንዴት ታደርገዋለች? በተከፈተው አፏ የወጣው ቃል «አረቅጥ» የሚል ሆነ።

ምን ነክቷት ነው ትሉ ይሆናል። ምንም አልነካትም። አሳዳጊ የበደላት ልጅ ብትሆን ኖሮ እኮ ናጃህ በዳነ!

አቶ ሀብተወልድ ራሳቸው አረቅጥ ወጥተው፣ ናጃህን በሚኒባስ ከጎናቸው አስቀምጠው አመጡት። አዳራሹ ውስጥ ልጁ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ ያላጠፋውን አጥፍቻለሁ አለ። ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሣ። ከግቢው በር ሲወጣ ያዙት።

አቶ ሀብተወልድ በልጁና በመኪናው መካከል ገቡ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ከያዦቹ አንዱ፣ ጨዋ ነገር ነው፣ እጅ ነሣቸው። «አባቴ፣ እርስዎማ ሥራዎን ጨርሰዋል። እግዜር ይስጥልን» ብሎ በሩን ዘጋው።

ኅብረቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ወልቂጤዎቹ ጥሩወርቅን ከሃዲ ብለው ስሟን በቴሌግራም ለጠፉ። በወሩ እነዚያው ልጆች የድጋፍ ደብዳቤያቸውን በክላሰር ይዘው ለቅጥር ተሰለፉ። ያናድዳል፤ እሷ ግን ለመናደድ እንኳን አቅም አልተረፋትም።

ናጃህ በዘጠነኛ ወሩ ተፈታ። ከኮሌጁ ተባሯልና በአባቱ መጋዘን በርበሬ በጆንያ መሙላት ጀመረ። አቶ ሀብተወልድ ይቅርታ የሚጠይቅላቸው ሽማግሌ ፈለጉ፤ አንዱ ታምሜያለሁ፣ ሌላው እርሻ ላይ ነኝ አለ። ለሰው ሁሉ የቆሙት ሰውዬ ለራሳቸው የሚቆምላቸው አጡ። አብራቸው የሄደችው ልጃቸው ናት።

ናጃህ ሲያያቸው ከሥራው ተነሣ፣ እጁን ጠርጎ ጨበጣቸው፣ ባዶ ጆንያ አነጠፈላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ዋስ ሆኜ አሳሰርኩህ። ይቅር በለኝ።»

«ያኔውኑ ይቅር ብያለሁ አባባ።» ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞረ። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ነገር ስለሆነ መዋሸቱም ሰለቻት።

«አውቅ ነበር። መኪና መመደቡን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባባ ቆመው ነበር።»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ በሰደባትና በወጣላት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ለእኔም ሰዎች ደውለው ነግረውኝ ነበር» አለ። «ወጥመድ ነው፣ እንዳትወጣ አሉኝ። አባባን አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳያቸው ግን የት ልግባ? ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳቸው።»

አቶ ሀብተወልድ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?»

ናጃህ አጎንብሶ ያነጠፈውን ጆንያ አቃና።

«እኔ ብቻ ነኝ እንግዲህ ያመንኩት» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ሰላሳ ዓመት አገር ሳስታርቅ፣ አባባ ተሞኝተሃል የሚለኝ አንድ ልጅ አላሳደግኩም።»

ናጃህ ይቀመጡ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ሚኒባስ ተራው አዙረው መሄድ ጀመሩ፤ ጥሩወርቅ ልትከተላቸው ስትል ዞር ሳይሉ በእጃቸው ከለከሏት።