ያላለቀ ዓመት

ቄስ ለተክርስቶስ በነነዌ ጾም ሰኞ የደብሩን ሰው ሥጋ አስበልቷል። ክፋት አልነበረበትም። ባሕረ ሐሳቡን፣ ያን የጾምና የበዓላት ስሌት፣ ሲያወጣ ከዘመኑ ቁጥር አንድ መተው ነበረበት፤ ረሳ። ጥር አሥራ ሰባት የሚገባውን ጾም የካቲት ስምንት ብሎ አወጀ። ጉዱን ያወጣበትም ሊቅ አይደለም፤ ከአራዳ ገበያ የተመለሰው ሙስሊሙ ነጋዴ ረሻድ ነው። "አባ፣ አራዳ ክርስቲያኑ ሁሉ ጾም ይዟል፤ እናንተ ምነው?" አለው።

ሌላው ሰው ስቆ ተወው። የቄሱ እናት ጥሩነሽ ግን አልተወችውም። ስድሳ ዓመት አንድ ቀን ጾም ሽራ የማታውቅ ሴት የልጇን ቃል አምና ገደፈች፤ ከዚያ ወዲህ የልጇን መስቀል አልሳለምም አለች። ይህ አንገበገበው። የዓመቱ ጾምና በዓላት ለሚታወጁበት ለመስከረም አንድ ስሌቱን ከሥሩ ሊማር ቆርጦ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ አራዳ ገባ።

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ እምሩ ሂድ ብሎ መከረው። ከገበያው በላይ ጥድ ሥር አርባ ተማሪ አስቀምጠው ስሌቱን በዜማ ያስጠናሉ፤ ድምፃቸው መቼም አይጠገብም።

"በሁለት ወር በቃልህ ትወጣዋለህ" አሉት።

ልቡ ከጀለ። ነገር ግን ድሮም የተማረው በዜማ ነው፤ ከዜማው አንዲት ቃል አምልጣው ነው የተዋረደው።

"አንዱን የምንተወው ለምንድን ነው?" ሲል ጠየቀ።

"አባቶች ተው ብለዋል፤ ተው!"

አርባው ተማሪ አውካካ። ለተክርስቶስ እጅ ነስቶ ወጣና ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁል ወረደ። እዚያ ዓይነ ስውሩ የኔታ ፈቀደ አሉ፤ በቁጣቸው የተነሣ የቀሯቸው ሁለት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው።

"ዕድሜህ ስንት ነው?" አሉት ኮስተር ብለው።

"ሠላሳ አራት።"

"ሠላሳ አራተኛውን ጨርሰኸዋል?"

"ኧረ ገና ነኝ፣ የኔታ።"

"ታዲያ ያላለቀውን ምን ብለህ ቆጠርኸው?"

ለተክርስቶስ ነገሩ ገባው፤ የሚተወው አንዱ ያላለቀው ዓመት ነው። አንድ ሕፃን የሚገባውን ነገር ይህን ያህል ዘመን ሲያዜመው ኖሯል።

"እኔ ዘንድ ዜማ የለም" አሉ የኔታ። "ትሳሳታለህ፣ እሰድብሃለሁ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ካልሆነልህ መንገዱ ያው።"

አጎዛውን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ክረምቱን ሙሉ ተሰደበ። የኔታ በመጀመሪያ እንዲያሰላ ያዘዙት ያንኑ ያበላሸውን ዓመት ነው። በጣቱ አንጓ ቆጥሮ ጥር አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ እንባው መጣ። "አልቅስና የሚመጣውን ዓመት ቀጥል" አሉት።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከቤቱ ደረሰ። እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ነነዌ መቼ ነው?" አለችው፣ እንዴት ሰነበትህ ሳትል።

"የካቲት ስድስት፣ ሰኞ።"

"ያኔም ሰኞ ብለህ ነበር።"

ከፊቷ ቁጭ ብሎ በጣቱ አንጓ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከሚተወው አንድ ሲደርስ ቆመ። "ይህን እተወዋለሁ፣ እምዬ። ነገ የምንገባበት ዓመት ገና አላለቀም፤ ያላለቀ አይቆጠርም።" ከዚያ ሳይቸኩል እስከ የካቲት ስድስት ድረስ ቆጠረላት።

ጥሩነሽ ጣቶቹን ስትከተል ቆየች። ሲጨርስ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

"መስቀልህን የት አደረግኸው?" አለችው።