ስም የሌለበት ወረቀት

ጠብታው ሞቅ ያለ ነበር። ሲክስተን መዳፉን ከውጪው ቧንቧ ሥር ዘርግቶ ጥቂት ከተቀበለ በኋላ ችግሩ በሙቅ ውሃው በኩል መሆኑን ተረዳ። ምድር ቤት ወርዶ የሙቁን መስመር ዘጋና ተመለሰ፤ መንጠባጠቡ ቆመ። እጀታውን ፈታ፣ በእንግሊዝ ቁልፍ አንገቱን አላልቶ ተበልታ ያለቀችውን ጉሚኒ አወጣና አዲስ ከተተ። አርባ ዓመት የሠራው ሥራ ስለሆነ እጁ ሐሳብ አይጠይቀውም።

«ጡረታ ወጥተህም ከቧንቧ አልተፋታህም?» አለው የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር አርቪድ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ።

«ቧንቧ ይሻላል። ቢያለቅስም አያማም።»

በስዊድኗ ከተማ በሄርኖሳንድ የጸደይ ቅዳሜ ነበር፤ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ወርዶ ግቢውን በጋራ የሚያጸዳበት ቀን። ቅጠል የሚጠርገው ይጠርጋል፣ አግዳሚ ወንበር የሚቀባው ይቀባል፣ ከብስክሌቶቹ አጠገብ ቋሊማ ይጠበሳል። ፀሐይ ያልደረሰበት ጥግ ላይ አንድ የበረዶ ክምር ጠቁሮ ቀርቷል። ከሃያ ሁለቱ ቤቶች የጎደለችው ጉንቮር ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጽጌረዳዎቹን የምትከረክመው እሷ ነበረች፤ ዘንድሮ ጸጉሩን እንዳላበጠረ ሰው ቆመዋል።

ለምን እንዳልወረደች ሁሉም ያውቃል። በመጋቢት ውሻዋን ቱሴን ልታጥብ የውሃ ጎማዋን ከውጪው ቧንቧ ሰክታ ቀዝቃዛውን ስትከፍት፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ በብርድ ተሰንጥቆ ኖሮ ውሃው ወደ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ የተቀመጠ የጎረቤት ፍራሽ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ በካርቶን የተቀመጠ የሙሽራ ልብስ ሁሉ ራሰ። ጎማ ተሰክቶ ከከረመ ውሃው መውጫ አጥቶ ግድግዳ ውስጥ በረዶ እንደሚሆን በዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። እሷ «በጥቅምት ነቅዬው ነበር፤ የሰካሁት ዛሬ ነው» ብትል ማን ይመናት?

በማግስቱ ሲክስተን የቀዝቃዛውን መስመር ዘግቶ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ወረቀት ለጠፈ። «ጎማውን ሰክቶ ያከረመው ሰው ራሱን ያውቃል። ለጎረቤቱ የማያስብ ከጎረቤት ጋር ባይኖር ይሻላል።» ስም አልጻፈም፤ የራሱንም ቢሆን። በዚያ ሰሌዳ ላይ ስም የሚጽፍ የለም፤ ሳይጠሩ መናደፍ የቤቱ ጨዋነት ነው። ሆኖም የእጅ ጽሑፉን ሁሉም አውቆታል፣ ደግ አደረግህ ብለውታል፣ እሱም ደስ ብሎት ነበር።

አሁን ቀዝቃዛው ቀረ። ምድር ቤት ገብቶ የግድግዳውን ሳንቃ ገነጠለ። ቱቦው ላይ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አለ። እንደጠበቀው ነው። ከመንቀሉ በፊት ግን፣ ከልማድ ብቻ፣ ውሃ ልኩን ከላዩ አስቀመጠ። ሁልጊዜ ወደ ከፍታው የምትሄደው አረፋ ወደ ውጪው ግድግዳ ሮጠች። ውሃ ልኩን አዙሮ አስቀመጠው፤ አሁንም ወደ ውጪ ሮጠች።

ሲክስተን ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ ቧንቧ ወደ ውጪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚተከለው፤ ሲዘጋ የተረፈው ውሃ በራሱ እንዲፈስ። ይኼኛው ወደ ውስጥ ዘሟል። ውሃ ያልፈሰሰበት ቱቦ ጎማ ቢሰካበትም ባይሰካበትም አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። የተከለው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት አርቪድ «ውሃ ልክ አትይዝም እንዴ?» ሲለው «ዓይኔ ምን ሠርቶ ይበላል?» ብሎ ያሳቀው ትዝ አለው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉት ተረት ለእሱ የተተረተ መሰለው። አፈረ። ማንም በሌለበት ጨለማ ቤት ውስጥ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«እንዴት ነው?» አለ አርቪድ ከደረጃው ራስ። «ያው የሴትዮዋ ጎማ ነው አይደል?»

ሲክስተን አፉን ከፈተ። «እየጨረስኩ ነው» አለ።

አዲሱን በውሃ ልክ፣ ወደ ውጪ ዝቅ አድርጎ ተከለ። ውሃውን ለቆ በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ሳንቃውን በቦታው መለሰ። አራት ሚስማር ቢመታ ነገሩ ተቀብሮ ይቀራል። ሦስቱን መታና መዶሻውን አስቀመጠ።

ወረቀቱን ብቻ ላንሣው ብሎ ወደ መግቢያው ወጣ። ሲነቅለው ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈ ደቃቅ ጽሑፍ አየ። «ጥቅምት አሥራ አራት ቀን ነቅዬዋለሁ። ጉንቮር ኖርሊንግ።» አምስት ሳምንት በአጠገቡ ሲያልፍ አላየውም፤ የራሱን ቃል መልሶ ማንበብ አላስፈለገውም ነበር። ሰሌዳው ሙሉ ወረቀት ነው፣ ስም ያለበት ያ ብቻ። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ የጉንቮርን የበር ደወል ተጫነ። ቱሴ ጮኸ። የእግር ኮቴ መጥቶ ከበሩ ጀርባ ቆመ።

«ጉንቮር፣ ሲክስተን ነኝ» አለ በለሆሳስ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ቱቦውን አዝምሜ የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁም» አለች ከውስጥ።

ጉንቮር ምድር ቤት ቁልፍ ሲወድቅ የምትሰማ ሴት ናት። ከታች ቋሊማቸውን የያዙ ጎረቤቶች እየተሳሳቁ ደረጃውን ጀምረዋል፤ የአርቪድ ሳቅ ከሁሉም ይጎላል። እስኪያልፉ መጠበቅ ይችል ነበር። ቆቡን አወለቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጎማሽን በጥቅምት ነቅለሽው ነበር! ቱቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሲክስተን!»

ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ከታች ሳቁ ቆመ፤ እግሮቹም ቆሙ።

ከበሩ ጀርባ የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። እየፈታችው ይሁን እያሰረችው ሊለይ አልቻለም።