የምስጋኑ ባዶ ረድፍ

ጓድ ከፋለ የማያውቁት ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው። የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ የላሊበላ ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ፣ ኮምፒዩተሩን አንድም ቀን ሳይነኩት ስለ ኮምፒዩተር ሲያስተምሩ ይውላሉ። የምትነካው አመተ ሥላሴ ናት፤ አዲስ አበባ ሠልጥና የመጣች፣ የብራና መጽሐፍ ጸሐፊው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጅ።

አንድ ማለዳ ጦርነቱ ቀርቧል ተባለና፣ የእህል ተቀባዮች መዝገብ ባስቸኳይ ተገልብጦ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይሂድ የሚል ትእዛዝ መጣ። አመተ ሥላሴ ዲስኬት አስገባች፤ ሞላ። ሌላ አስገባች፤ እሱም ሞላ፤ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ኧረ የላስታ ሕዝብ እንኳ እንዲህ አይበዛም!

«ምንድን ነው ይኼ? ጅብ ነው እንዴ?» አሉ ጓድ ከፋለ።

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ወደ ሰፈራ የተጫኑትን ሰዎች ስም ሰርዢ በተባለች ጊዜ፣ ስማቸውን ሰርዛ ረድፋቸውን ባዶ ትታው ነበር። አባቷ መጽሐፍ ሲጽፉ ለሥዕል ቦታ ይተዋሉ፤ ሠዓሊው ዓመት ቢዘገይ ያን ቦታ የሚነካው የለም። የልጅ ነገር፣ ያየችውን አደረገች። አባወራው የእህል መቀበያ ካርዱ ላይ የያዘው ቁጥር የረድፉ ቁጥር ነውና፣ ከተመለሰ ቦታው ይጠብቀዋል። ከባዶዎቹ አንዱ የወንድሟ የምስጋኑ ነው፤ ፍላቂት ገበያ በሬ ሊሸጥ ወጥቶ በዚያው አፍሰው ጫኑት። ኮምፒዩተሩ ባዶዎቹን በሆዱ ሲይዛቸው ቦታ አይፈጁበትም፤ ሲገለብጥ ግን ባዶውንም እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ዲስኬቱ ላይ ያሰፍረዋል። የተጫነው ሰው ብዛት ደግሞ ቀላል አልነበረም።

«ባዶውን አጥፊና አጠጋጊው!»

«ጓድ፣ ከተጠጋጋማ የሁሉም ቁጥር ይዛባል። የሚመለስ ሰው ቦታውን በምን ያገኛል?»

«ሰፈራ የሄደ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል? አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው፣ አጥፊው ብያለሁ!»

እንደ እሳቸውማ ከሆነ ምስጋኑ የለም ማለት ነው! እስቲ አባቴ ብራና ሲያጥራቸው ምን ያደርጋሉ ስትል አሰበች። ባዶውን ገጽ በባዶ ገጽ አይገለብጡትም፤ ዳር ላይ «እዚህ ለሥዕል ይህን ያህል» ብለው ጽፈው ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋሉ። ለኮምፒዩተሩም ይህንኑ አዘዘችው፦ ባዶ ስታገኝ የት እንደ ጀመረና ምን ያህል እንደ ሆነ ብቻ መዝግበህ እለፍ። መዝገቡ በቀሩት ዲስኬቶች ገባ፤ ተርፎም።

«አላልኩሽም? ሲጠፋ ይበቃል!» አሉ ጓድ ከፋለ ደረታቸውን ነፍተው። እሷም ደስ ይበላቸው ብላ ተወቻቸው።

ክረምቱ እንደ ወጣ ጄነሬተሩ ኮምፒዩተሩን አቃጠለው። በምትኩ ሌላ ሲመጣ ዲስኬቶቹም አብረው ተመለሱ። መዝገቡን መልሳ ጭና መጀመሪያ የፈለገችው የምስጋኑን ረድፍ ነው። ባዶውን፣ እዚያው ቦታው ላይ አገኘችው። እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከጥምቀት በኋላ፣ እህል በሚታደልበት ቀን፣ አንድ የከሳና ጢሙ የወረደ ሰው ቀርቦ የነተበ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ከወለጋ ሰፈራ በእግሩ ነው የመጣው። ካርዱን ማን አይቶት! ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አዲስ መጤ ከኋላ ይሰለፍ!» ብለው ጮኹ ጓድ ከፋለ።

«ቦታ አለው፣ ጓድ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ስሙን መጻፍ ጀመረች።

ምስጋኑ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ባዶውን ረድፍ አየ። «ሞቷል ብለሽ ነበር አይደል?»

«ሂድ ወዲያ! ሞቷል ብዬ ቢሆንማ መች ቦታ እተውልህ ነበር!»