ለወይንሸት የተውኩት ዝምታ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ለወይንሸት በተውኩት ዝምታ ውስጥ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጨዋነቴ ነው ያጠፋኝ።

እኔና ወይንሸት በሬዲዮ ድራማ ባልና ሚስት ሆነን ስንጫወት ዘጠኝ ዓመታችን ነው። አድማጭ «ሲዋደዱ!» ይለናል። ከተያየን ግን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እኔ የባልየውን ንግግር ጠዋት ብቻዬን እቀዳለሁ፤ እሷ የሚስትየዋን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ትቀዳለች፤ ቴክኒሻኗ እትዬ ጥሩወርቅ ይገጣጥሙናል። ስቀዳ የእኔን ጮክ ብዬ፣ የእሷን በልቤ አነባለሁ። በልቤ ያነበብኩት ያህል ዝምታ ይቀራል፤ እሷ መጥታ ትሞላዋለች። ዝምታን ለክቶ በመተው የሚያህለኝ የለም። ጉራዬን ቻሉት።

የተኳረፍነው እናቷ እማማ ዘነበች ሲያርፉ ለቅሶ ስላልደረስኩ ነው። ያን ሳምንት ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ስመለስ ሠልስቱ አልፏል፤ «ለአርባው እሄዳለሁ» አልኩ። አርባው ሲደርስ አፈርኩና ለሙት ዓመቱ አሳደርኩት። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሰፈሯን ማለፍ እንኳ ከበደኝ። እማማ ዘነበች ደግሞ የሚወዱኝ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ቁርጥ የልጃቸው ስለሆነ፣ ስልክ ሲያነሡ ወይንሸት መስለውኝ ስንቀልድ ቆይተን በመጨረሻ «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ» ይሉኛል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ሳልቀብራቸው የቀረሁት። ወይንሸት «ከእሱ ጋር አንድ ክፍል አልገባም» ብትል አልፈረድኩባትም። ብትመለስልኝ ግን የጠየቀችኝን ሁሉ በከፈልኩ።

ማክሰኞ ዕለት አራተኛው ገጽ ላይ «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» አልኩና የእሷን መልስ በልቤ ጀመርኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ባዶ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሳላስበው ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ።

«በእግዜር!» አለ ወንበሩ፣ በወይንሸት ድምፅ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከመስታወቱ ማዶ ቀረጻውን አቆሙ።

«ምንተስኖት፣ ‹ኖር› የሚል ጽሑፉ ላይ የለም።»

«ሰው የገባ መስሎኝ ነው።»

«ገብቷል እኮ። ድምፁም ጥሩ ነው፣ ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ወንበሩ የሚስትየዋን ንግግር አንድም ቃል ሳይስት ተወጣው። ወረቀት ሲገልጥ አይሰማም፤ ለድምፅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ያናገረኝ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወይንሸት መጣች። የሆነውን እትዬ ጥሩወርቅ ደውለው ነገሩኝ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ሰማችና አወለቀችው።

«ቦታዬ ላይ ሰው አለ» አለች።

«አዎ፣ ጠዋት ነው የገባችው።»

«ማን አስገባት?»

«ምንተስኖት ተነሥቶላት።»

ወይንሸት ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለባዶ ወንበር ይነሣል! ለእናቴ ሲሆን እግሩ ታሰረ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ድምፁን ሊሰርዙት ሞከሩ፤ የእኔም አብሮ ጠፋ። ድራማው ዓርብ ይተላለፋል። ስለዚህ ወሰኑ፤ ሁለታችንም ሐሙስ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ክፍት ቦታ ሳንተው እንድንቀዳ። የተቀመጠን እንግዳ ውጣ ማለት ነውር ነው፤ ቦታ ሞልቶ ቢያገኘው ግን ማንም አያፍርም።

ሐሙስ ወይንሸት ከኮሪደሩ ሌላ ወንበር ይዛ ገባች። የተያዘውን ዞር በል አላለችውም፤ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። መቅዳት ስንጀምር ግን አፋችን ጨዋታውን አልረሳውም፤ እየተቀባበልን እስከ መጨረሻው ገጽ በረርን። እንግዳው ትንፍሽ አላለም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ባልየው «በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ» ይላል። ሚስትየዋ «ይቅር ብዬሃለሁ» ትላለች፤ ያበቃል። ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«ወይንሸት፣ እናትሽን አልቀበርኩም። ልመጣ ፈልጌ አፈርኩ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀረጻውን አላቆሙም። ዝምታው ከጽሑፉ በላይ ረዘመ፤ መለካት አቃተኝ። የወይንሸት ከንፈር ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ እንባዋ ይወርዳል።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጄ» አለ የጎኗ ወንበር። «ተራው የአንቺ ነው።»

ወይንሸት ወደ ወንበሩ አልዞረችም። ወረቀቷ እግሯ ሥር ወድቋል፤ አላነሣችውም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ፣ እኔን እያየች።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ሁለታችንም ብድግ አልን፤ ከመስታወቱ ማዶ እትዬ ጥሩወርቅም ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ከወይንሸት ጎን ያለው ወንበር ስፖንጅ በሰው ልክ ሰርጎድ ብሎ ነበር፤ ቀስ እያለ ከፍ አለ፣ ሞላም።